ወፏን ሳያስበረግጉ

ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም ባለው ደጋ ወፍ በካሜራ ማንሳት የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ እያንዳንዱ ወፍ ሰውን የሚያስጠጋበት የራሱ ርቀት አለው። ቁራ ከገበያና ከእርድ ቦታ ስለማይጠፋ ቢጠጉትም ግድ የለው። ሲታደን የኖረው ቆቅ ግን ኮቴ ሲሰማ ቁጥቋጦ ውስጥ ይሸጎጣል። አንሺዎች 400 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ሌንስ የሚይዙት ለዚሁ ነው።

ለጀማሪ ደህናው መለማመጃ ቁራው ነው። መንቁረ ወፍራሙ የደጋችን ቁራ የአፍሪካ ቀንድ ብቻ ነዋሪ ነው። ማጅራቱ ላይ ካለው ነጭ ምልክት በቀር ላባው ጥቁር ነው። ካሜራው በራሱ ሲለካ ጥቁሩ ስለሚበዛበት ብርሃን ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የነጩ ላባ ዝርዝር ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑን በእጅ ቀነስ ማድረግ ያስፈልጋል።

በተከዜ ወንዝ የተሰየመው የአበባ ማር ቀሳሚ ወፍ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር መስሎ ይታያል፤ ፀሐይ ከአንሺው ጀርባ ሆና ስታርፍበት ግን ወይን ጠጅና መዳብማ ቀለም ያወጣል። ድምቀቱ የሚመጣው ላባው ብርሃኑን ከሚመልስበት አኳኋን ነው። እሱን ከማባረር ያበበ የፈረስ ዘንግ ወይም ጅብራ አጠገብ ፀሐይን ከኋላ አድርጎ መቀመጥ ይሻላል።

ጥንት ደንቆሮ ጫካ በሚባለው፣ በዛሬው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ደግሞ ገደሉ ራሱ ማማ ነው። ጺማሙ ጆፌ አሞራ ክንፉ ሲዘረጋ ከ2 ሜትር ይበልጣል። አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ድንጋይ ላይ ጥሎ ይሰብረዋል፤ ወደዚያው ድንጋይም ይመላለሳል። እየበረረ ሳለ ለማንሳት የሰከንድ 1/1000 ወይም ከዚያ የፈጠነ ቅጽበት ያስፈልጋል።

ጎጆ ግን አይነካም። እናቲቱ ደንግጣ ከተነሳች እንቁላሉ ይበርዳል፣ ጫጩቱም ለነጣቂ ይጋለጣል። ወፍ መልቀሟን ትታ አንገቷን ቀና ካደረገች ርቀቱ ታልፏል ማለት ነውና ወደ ኋላ ማለት ይገባል። የትኛው ገደል ጆፌ እንደሚያሳርፍ ለማወቅም ቀኑን ሙሉ ከከብቱ ጋር እዚያው የሚውለውን እረኛ መጠየቅ ከሁሉ ይቀድማል።