ቡችሎች ሲሞቱ

ውሻ የምታረቡ ወገኖቼ፣ ሐዘናችሁን የሚረዳ ሰው ጥቂት ነው። በአንድ ሳምንት ስድስት ቡችሎች ቀብራችሁ ስታለቅሱ ጎረቤት፣ “ለውሻ ነው እንዴ?” ይላል። እናንተ ግን ሲወለዱ በእጃችሁ ተቀብላችኋቸዋል፤ ዓይናቸው ሲገለጥም አይታችኋል። አልቅሱ።

ከሐዘኑ ይልቅ የሚከፋው ራስን መውቀስ ነው። “አስከትቤያቸው ነበር እኮ!” ትላላችሁ። እውነት ነው፤ ፓርቮ ግን ክፉ በሽታ ነው። ቡችላ ከእናቱ እንገር የሚያገኘው መከላከያ ቀስ በቀስ ይደክማል። በሽታውን መመከት ካቃተው በኋላም እንኳ ክትባቱ እንዳይሠራ ለጊዜው ሊያግደው ይችላል። በዚህ ክፍተት የጠንቃቃው አርቢ ቤትም ይመታል። ክትባቱ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ተጀምሮ ቢያንስ እስከ 16ኛው ሳምንት የሚደጋገመው ለዚህ ነው።

ባዶው ቤት ቢያስጨንቃችሁም ሌላ ቡችላ ለማምጣት አትቸኩሉ። ቫይረሱ በአፈር ውስጥ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ተራ ሳሙና አይገድለውም። ወለሉን በደንብ ካጠባችሁ በኋላ 1 እጅ በረኪና በ30 እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አፍስሱና 10 ደቂቃ አቆዩት። የግቢውን አፈር ግን በረኪናም አያጸዳውም።

ቀብድ ለከፈሉት ደውላችሁ እውነቱን ንገሩ፤ ገንዘባቸውንም መልሱ። አስቀድሞ ቡችላ የወሰደ ካለ ዛሬውኑ ይስማ፤ ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ካየ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ይሂድ። ከባድ ስልክ ነው፤ ለልጆቻችሁ አታስደውሉት።

እናቲቱም ለቀናት ትፈልጋቸው ይሆናል። አጠገቧ ተቀመጡ። ጡቷ ከጋለና ከጠጠረ ደግሞ ሐኪም ይያት።