ያገለገለ የቤት አውቶሞቢል ሲገዛ ሊነጻጸሩ የሚገባቸው ነጥቦች

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በመከልከሉ፣ እንዲህ ያለ ተሽከርካሪ የሚፈልግ ቤተሰብ ምርጫው በአገር ውስጥ ባሉት ያገለገሉ መኪኖች ላይ ያተኩራል። የሁለት መኪኖችን አስተማማኝነት ለማነጻጸር የምርት ስሙና የተመረቱበት ዓመት ብቻ በቂ አይደሉም። በሚገባ የተያዘ የ15 ዓመት መኪና፣ ዘይቱ በወቅቱ ሳይቀየር ከተነዳ የ8 ዓመት መኪና የተሻለ ሊሆን ይችላል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪ ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ ንባቡ ከጥገና መዝገብ እንዲሁም ከመሪውና ከፔዳሎቹ መበላት ጋር ሊመሳከር ይገባል። ሞተሩ ሳይሞቅ ተነሥቶ ጭሱ ይታያል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል። መለዋወጫው በገበያ በቀላሉ መገኘቱም ይጣራል።

በመጨረሻም የሻንሲና የሞተር ቁጥሮች በሊብሬው ላይ ከሰፈሩት ጋር ካልተመሳሰሉ ክፍያ መፈጸም አይገባም፤ የስም ዝውውሩን ያደናቅፋልና።