ቪዲዮው አለቀ፤ ወረቀቱስ?

ስልካችሁን ከፍታችሁ «ዓይን እንዴት ይሳላል» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁን ታውቁታላችሁ። አንድ እጅ፣ አንድ እርሳስ፣ ፈጠን ያለ ሙዚቃ። ደቂቃ ሳይሞላ እንባ ያቀረረ፣ ሽፋሽፍቱ የሚቆጠር ዓይን ወረቀቱ ላይ ቁጭ ይላል። ላይክ እናደርጋለን፣ «በኋላ እሞክረዋለሁ» ብለን ሴቭ እናደርጋለን፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ሴቭ የተደረገው ይከማቻል፤ ደብተሩ ግን ባዶውን ይከርማል።

በቪዲዮ ሥዕል መማር ይቻላል ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ ይቻላል። ግን ማየትና መማር አንድ አይደሉም። ፓኬጃችንንም ጊዜያችንንም የሚበላው ሁለቱን መለየት ሲያቅተን ነው።

ከቲክቶክ በፊትም ነበር

ሥዕልን በስክሪን ማስተማር የዛሬ ነገር አይደለም። አሜሪካዊው ጆን ናጊ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ቴሌቪዥን ራሱ ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ማንኛውንም ነገር ከኳስ፣ ከሳጥን፣ ከሲሊንደርና ከሾጣጣ ቅርጽ ተነስቶ መሳል እንደሚቻል ለተመልካች ያሳይ ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣውን ጸጉረ ከርዳዳውን ቦብ ሮስን ብዙዎቻችሁ በዩቲዩብ ታውቁታላችሁ። «ዘ ጆይ ኦፍ ፔይንቲንግ» የተባለው ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1994 በ403 ክፍሎች ተላልፏል።

ሮስ በግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ተራራውን፣ ሐይቁንና ዛፉን ሠርቶ ይጨርሳል። ይሄ አስማት አይደለም። አንደኛ፣ ሸራው ላይ ቀድሞ እርጥብ ቀለም ይቀባና ሳይደርቅ በላዩ ላይ ይሠራል፤ ስለዚህ እስኪደርቅ መጠበቅ የለም። ሁለተኛ፣ ያንኑ ሥዕል ከቀረጻው በፊት አንድ ጊዜ ሠርቶት ነው የሚመጣው። ከካሜራው ጀርባ ያስቀምጠውና እያየው ይሥላል። እኛ ግን የምናየው ሁለተኛውን ብቻ ነው። «እሱ በግማሽ ሰዓት ሠራው፣ እኔ በሦስት ሰዓት አቃተኝ» ብሎ እርሳስ መወርወር እንግዲህ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በአጫጭር ቪዲዮዎች ነገሩ ይብሳል። የሦስትና የአራት ሰዓት ሥራ ወደ 40 ሴኮንድ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጠፋው ማመንታቱ፣ መለካቱና ማጥፋቱ ነው። ትምህርቱ ያለው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። ለመዝናናት ከሆነ የተፋጠነውን እዩ። ለመማር ከሆነ ግን መምህሩ በተፈጥሮ ፍጥነት የሚሠራበትን፣ እየሠራም «እዚህ ጋ ያጠቆርኩት በዚህ ምክንያት ነው» የሚልበትን ፈልጉ።

ካሜራው የሠራላችሁ የቤት ሥራ

ሌላም የማይታይ ችግር አለ። ስክሪን ጠፍጣፋ ነው። ከስክሪን ላይ ስትቀዱ ክቡን ነገር ወደ ጠፍጣፋ የመቀየሩን ከባድ ሥራ ሌላ ሰው ጨርሶላችኋል ማለት ነው። ለዚህ ነው ከቪዲዮ ላይ ቆንጆ ዓይን የሚሥል ልጅ ፊት ለፊቱ የተቀመጠችውን እህቱን ሣላት ሲባል የሚጨንቀው።

መቅዳት በራሱ ነውር የለበትም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ተማሪው ከመምህሩ ሥር ሆኖ የቀደሙትን ሥዕሎች እየቀዳ ነው እጁን የሚያፍታታው። ግን ከቀዳችሁ በኋላ ቪዲዮውን አቁሙና ቤት ውስጥ ካለ ነገር ጋር ተፋጠጡ።

ለምሳሌ ጀበና። ከጀበና የተሻለ የሥዕል አስተማሪ ማግኘት ይከብዳል፤ ሆዱ ኳስ ነው፣ አንገቱ ሲሊንደር ነው፣ ጆሮውም ጠምዛዛ መስመር። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና በመስኮት በኩል ብርሃን ይምጣለት። ክንዳችሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉ፣ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በእርሳሱ የአንገቱን ርዝመት ለኩ። ያ ልክ በሆዱ ቁመት ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል? አንድ ጊዜ? አንድ ተኩል? ምጣኔ የሚባለው ይሄው ነው። ክንዳችሁ ከታጠፈ ግን ልኬታችሁ ይቀያየራል።

ቀጥሎ ሲኒውን ከጎኑ አድርጉ። አፉ ክብ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዓይናችሁ የሚያየው ግን ሞላላ ነው። ጎንበስ እያላችሁ ስትወርዱ ሞላላው እየጠበበ ይሄድና ከዓይናችሁ ትክክል ሲሆን ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው የሚያውቀውን ሲሥል ነው፤ የሚፈለገው የሚያየውን ነው። ለጥላው ደግሞ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጋችሁ እዩ። ዝርዝሩ ይጠፋና ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል።

ለዚህ ሁሉ አንድ ተራ እርሳስ፣ ላጲስና ነጭ ወረቀት ይበቃል። ውድ ቀለም እስክንገዛ ብለን አንጠብቅ።

«ዋው» እርማት አይደለም

ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከመጡ በኋላ በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ያስተማሩበት፣ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው የሚጠራው ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ቪዲዮ የማይሰጠው አንድ ነገር አለ፤ መምህሩ ከኋላችሁ ቆሞ «የግራው ትከሻ ወርዷል፣ እንደገና እየው» ይላችኋል። ከዋና ከተማው ርቆ ለሚኖር፣ ወይም ቀን ሥራ ውሎ ማታ ለሚማር ወጣት ግን ያ ክፍል ሩቅ ነው። ታዲያ ከኋላ የሚቆመው ማን ይሁን?

ቴሌግራም ላይ ሦስትና አራት ሆናችሁ ግሩፕ ክፈቱ። ሥዕሉን ብቻ አትላኩ፤ ስትሥሉ ከተቀመጣችሁበት ቦታ የነገሩን ፎቶ አንስታችሁ አብራችሁ ላኩ፣ ያለዚያ ማንም ሊያርማችሁ አይችልም። «እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ «ዋው፣ ቀጥል» ነው የሚመለስለት። «ጥላው በየት በኩል ነው የተሳሳተው?» ብሎ የጠየቀ ግን መልስ ያገኛል። ለራሳችሁም አንድ ዘዴ አለ፤ ሥዕሉን ፎቶ አንሡና ስልኩ ላይ ግራና ቀኙን ገልብጡት። የለመዳችሁት ስህተት ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል።

ማስተማር ለምታስቡ

አብዛኛው ጥሩ የሥዕል ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ቋንቋው የሚያስቸግረው ልጅ እጁን ብቻ እየተከተለ ምክንያቱን ይስተዋል። ስለዚህ ሥዕል የምትችሉ ልጆች በአማርኛ ብታስተምሩ ትልቅ ክፍተት ትሞላላችሁ። ስቱዲዮ አያስፈልግም። ስልኩን ከወረቀቱ በላይ አጽኑት። ቀኝ እጃችሁ ከሆነ የምትሥሉበት ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፣ አለበለዚያ የእጃችሁ ጥላ ሥራችሁን ይሸፍናል። ከመጀመራችሁ በፊት ስክሪኑን ተጭናችሁ ብርሃኑን አስቆልፉ፤ ካሜራው በየሰከንዱ ሲያነጣና ሲያጠቁር ተማሪው ጥላችሁን አያምነውም። ከሁሉም በላይ ስህተታችሁን አትቁረጡት። ያጠፋችሁት መስመር ካልተሳካው ይልቅ ያስተምራል፤ ለምን እንዳጠፋችሁት ተናገሩ።

ፓኬጅ ከማለቁ በፊት

መስመር ለመከተል ዝቅተኛ ጥራት ይበቃል፤ ከፍ ያለው የሚያስፈልገው ስለ ጥላና ቀለም ስትማሩ ነው። ዋይፋይ ስታገኙ አንድ መምህር ምረጡና የእሱን ትምህርት ከመጀመሪያው በተራ ተከተሉ፤ ከአሥር መምህር አንድ አንድ ቪዲዮ መቃረም ግራ ያጋባል። ፍጥነቱን ወደ ግማሽ አውርዳችሁ እዩ። አሥር ደቂቃ ካያችሁ፣ ስልኩን ገልብጣችሁ ሠላሳ ደቂቃ ሣሉ።

እያንዳንዱ ወረቀት ላይ ቀን ጻፉበት፣ አስቀያሚውንም አትቅደዱ። ከወር በኋላ መጀመሪያ የሣላችሁትን ጀበና ከአዲሱ ጎን ስታስቀምጡት፣ ስንት ላይክ እንዳገኘ ትዝ አይላችሁም።