በአውሮፕላን ላይ የሚቀርብ ቡና፦ ጣዕሙ ለምን ይለወጣል? ለጤናስ ያሰጋል?

በረጅም በረራ ላይ የምግብ ትሪው ተነሥቶ «ቡና ወይስ ሻይ?» ሲባል ብዙዎቻችን ቡና እንላለን። አንድ ጊዜ ፉት ካልን በኋላ ግን ፊታችንን እናኮሳትራለን። ቡናው ቀጠን ያለ፣ የሚመር፣ መዓዛ የሌለው፣ አንዳንዴም የውሃ ማከሚያ ኬሚካል የሚሸት ይሆናል። ከዚህ የተነሣ «ውሃው የተበከለ ነው»፣ «ሰውነት ያደርቃል»፣ «አየር ላይ ደም ያረጋል» የሚሉ ወሬዎች ይነገራሉ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የቡናው ጣዕምና የቡናው ጤናማነት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። መጥፎ ጣዕም የብክለት ምልክት አይደለም፤ ጥሩ ጣዕምም የንጽህና ማረጋገጫ አይሆንም። ለአብዛኛው ጤናማ ተጓዥ በበረራ ላይ አንድ ወይም ሁለት ሲኒ ቡና መጠጣት ችግር የለውም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሚጠጣበት ሰዓት፣ በመጠኑና አብረውት በሚወሰዱ መድኃኒቶች ላይ ነው።

ጣዕሙ ለምን ይለወጣል?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት የአየር ግፊት ነው። አውሮፕላኑ ከ10 ሺህ ሜትር በላይ ቢበርም የተሳፋሪዎች ክፍል ግፊት ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር እንዲመጣጠን ይደረጋል። በዚህ ግፊት ውሃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይሆን በ92 እና በ94 ዲግሪ መካከል ይፈላል።

ይሁን እንጂ አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በእያንዳንዱ ቤት ጀበናው የሚፈላው በዚሁ 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቡናችን ግን አይበላሽም። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ግፊት ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። ልዩነቱን የሚፈጥሩት በአብዛኛው የሚከተሉት ናቸው፦

* ደረቅ አየር። በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር እርጥበት ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። አፍንጫችን ሲደርቅ የማሽተት ችሎታችን ይቀንሳል። ጣዕም የምንለው ነገር አብዛኛው የሚመጣው ደግሞ ከሽታ ነው። ጉንፋን ሲይዘን ወጥ «አልጣፍጥ» የሚለን በዚሁ ምክንያት ነው።
* ጩኸት። የሞተሩ ድምፅ ብዙ ጊዜ ከ80 እስከ 85 ዴሲቤል ይደርሳል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት ተሳታፊዎች የአውሮፕላን ድምፅ እየሰሙ ሲቀምሱ ጣፋጭነት ደክሞ ተሰምቷቸዋል። ስኳሩ ያነሰ የሚመስለን አንድም ለዚህ ነው።
* አፈላሉ። በጀበና ሲፈላ የተወቀጠው ቡና ከውሃው ጋር አብሮ ይንተከተካል፣ ሰክኖ ይቀዳል። በአውሮፕላን ግን ማሽኑ ሙቅ ውሃን በተፈጨ ቡና ላይ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያሳልፋል፤ ወይም የሚሟሟ የቡና ዱቄት በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል። ከዚያም ሁሉም ተሳፋሪ እስኪዳረስ ቡናው በማንቆርቆሪያ ይቆያል። በቆየ ቁጥር መዓዛው ይተናል፣ ምሬቱ ይጎላል።
* ውሃው። ከአውሮፕላኑ ታንከር የሚመጣ ውሃ በክሎሪን የታከመ ሊሆን ስለሚችል ሽታው በቡናው ላይ ይሰማል።

ውሃው ንጹህ ነው?

የአውሮፕላን ቡናና ሻይ በብዛት የሚፈላው ከታሸገ ውሃ ሳይሆን ከአውሮፕላኑ የውሃ ታንከር ነው። ታንከሩ አውሮፕላኑ በሚያርፍባቸው ከተሞች ይሞላል። ውሃው ከምንጩ ንጹህ ቢሆንም በሚያመላልሰው መኪና፣ በቱቦው ወይም በታንከሩ ውስጥ ሊበከል ይችላል።

ይህ ከወሬ ያለፈ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ከመረመራቸው 327 አውሮፕላኖች ውስጥ 15 በመቶ በሚሆኑት ውሃ ኮሊፎርም የተባሉ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ኮሊፎርም በአብዛኛው ራሱ በሽታ አያመጣም፤ ነገር ግን መገኘቱ ውሃው ለሌሎች ጀርሞች መግቢያ ክፍት እንደነበር ይጠቁማል። ከዚህ በኋላ ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. በ2009 የአገሪቱ አየር መንገዶች ታንከሮቻቸውን በየጊዜው በኬሚካል እንዲያጸዱና ውሃውን እንዲያስመረምሩ የሚያስገድድ ደንብ አወጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ስለ አቪዬሽን ንጽህና መመሪያ አሳትሟል። የንጽህናው ደረጃ ግን ከአገር አገር፣ ከአየር መንገድ አየር መንገድ ይለያያል።

ቡና ጠጪውን የሚጠቅመው ሙቀቱ ነው። ተቅማጥ የሚያመጡ አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከ70 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት በአጭር ጊዜ ይሞታሉ። ስለዚህ በደንብ የሞቀ ቡና ወይም ሻይ ከዚያው ታንከር ከሚመጣ ቀዝቃዛ ውሃ እጅግ ያነሰ ስጋት አለው። ቡናው ለብ ብሎ ከመጣ ግን «ትኩስ ይገኛል?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በተግባር፦

* ለመጠጥ፣ ጥርስ ለመቦረሽና መድኃኒት ለመዋጥ የታሸገ ውሃ ይጠቀሙ። የመጸዳጃ ቤቱን የቧንቧ ውሃ አይጠጡ።
* ለሕፃን የዱቄት ወተት ከቤት አፍልተው በንጹህ ፔርሙዝ የያዙትን ውሃ ቢጠቀሙ ይመረጣል።
* በካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ የሰውነት አካል ንቅለ ተከላ ያደረጉ ወይም የበሽታ መከላከል አቅማቸው በሌላ ምክንያት የተዳከመ ሰዎች ከታንከሩ ውሃ የተዘጋጀ መጠጥ ትተው የታሸገ መጠጥ ቢመርጡ ይሻላቸዋል።

ቡና በበረራ ላይ ሰውነት ያደርቃል?

ካፌይን ሽንት ያበዛል፤ ነገር ግን ቡና የለመደ ሰው ሰውነት ይህን ይላመደዋል። በእንግሊዝ የበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት ቡና የለመዱ 50 ወንዶች በቀን አራት ኩባያ ቡና ሲጠጡና በምትኩ ውሃ ሲጠጡ የሰውነታቸው የፈሳሽ መጠን ተነጻጽሯል። ጉልህ ልዩነት አልታየም።

በበረራ ላይ አፍ፣ ዓይንና ቆዳ የሚደርቀው በዋናነት በደረቁ አየር ምክንያት ነው። ቡናውን መተው አያስፈልግዎትም፤ ነገር ግን የውሃ ምትክ አያድርጉት። ቡና በጠጡ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ማስከተል ጥሩ ልማድ ነው።

ቡና ደም ያረጋል?

በረጅም ጉዞ ላይ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ሊረጋ መቻሉ እውነት ነው። ነገር ግን ዋናው ምክንያት ቡና ሳይሆን ሳይንቀሳቀሱ ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ባደረገው ጥናት መሠረት 4 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ጉዞ ይህን አደጋ በእጥፍ ያህል ይጨምራል። ያም ሆኖ ለጤናማ ሰው አደጋው ከ6,000 ተጓዦች በአንዱ ላይ የሚደርስ ነው።

አንዳንድ እናቶችና አባቶች መጸዳጃ ቤት ላለመመላለስ ብለው በ13 ሰዓት በረራ ምንም ሳይጠጡ፣ ከወንበራቸውም ሳይነሡ ይጓዛሉ። ይህ ከቡናው ይልቅ ያሰጋል። በየሰዓቱ ገደማ ይነሡ፤ መነሣት ካልተቻለ ተቀምጠው ቁርጭምጭሚትዎን ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅሱ። የእንቅልፍ መድኃኒትና አልኮል ለረጅም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆዩ ስለሚያደርጉ አይመከሩም። ከዚህ በፊት ደም ረግቶብዎት ከነበረ፣ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ከጉዞው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ስንት ሲኒ? በየትኛው ሰዓት?

ለጤናማ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም፣ ለነፍሰ ጡር ደግሞ እስከ 200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንደማይጎዳ የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ይገልጻል። 240 ሚሊ ሊትር የማሽን ቡና በአማካይ 95 ሚሊ ግራም ገደማ ካፌይን አለው። የአውሮፕላኑ ኩባያ ብዙ ጊዜ ከዚህ ያንሳል፤ ከቤታችን ሲኒ ግን ይበልጣል። ስለዚህ «ሁለት ሲኒ ብቻ ነው የጠጣሁት» ሲሉ የኩባያውን መጠን ያስቡ። ሻይና ኮካ ኮላም ካፌይን አላቸው፤ አብረው ይቆጠራሉ።

ካፌይን ከጠጡ 5 ሰዓት ገደማ በኋላም ግማሹ በደም ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት 400 ሚሊ ግራም ካፌይን ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት እንኳ ሲወሰድ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

ስለዚህ ሲጠጡ የሚደርሱበትን አገር ሰዓት ያስቡ። ለምሳሌ ከአዲስ አበባ ማታ ተነሥተው ጠዋት ዋሽንግተን የሚደርሱ ከሆነ፣ ከእራት ጋር የሚቀርበውን ቡና አልፈው ለመተኛት ይሞክሩ። ከማረፍዎ በፊት ከቁርስ ጋር የሚመጣውን ይጠጡ። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ወይም በ8 ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች የቀኑን ብርሃን ነቅተው ማሳለፍ ይኖርብዎታል። በዚያው አገር ሰዓት ከእኩለ ቀን በኋላ ግን ቡና ባይጠጡ ማታ ይተኛሉ።

በሌላ በኩል በየቀኑ አቦል፣ ቶናና በረካ የለመደ ሰው ቡናውን በድንገት ካቋረጠ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራስ ምታት፣ ድካምና ብስጭት ሊጀምረው ይችላል። ብዙዎች ይህን «ከፍታው ነው» ወይም «ጉዞው ነው» ይሉታል። የለመዱ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከማቆም ይልቅ በተገቢው ሰዓት አንድ ሲኒ መጠጣት ይሻላል።

ማን ይበልጥ ይጠንቀቅ?

* የደም ግፊት ያለባቸው። ካፌይን በተለይ ያልለመደውን ሰው ግፊት ለጥቂት ሰዓት ከፍ ያደርጋል። ግፊትዎ በመድኃኒት የተስተካከለ ከሆነ አንድ ሲኒ አያሰጋም። መድኃኒትዎን ግን በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ ሰዓቱንም አያሳልፉ።
* ቃርና የጨጓራ ሕመም ያለባቸው። በበረራ ወቅት በሆድ ውስጥ ያለ ጋዝ ስለሚለጠጥ መነፋት ይኖራል። በባዶ ሆድ ቡና መጠጣት ቃሩን ሊያብስ ይችላል።
* የደም ማነስ ያለባቸው። ቡና ከምግብና ከእንክብል የሚገኘውን ብረት (አይረን) ወደ ደም እንዳይገባ ይቀንሳል። የአይረን እንክብልን ከቡና ጋር አይውሰዱ፤ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያራርቁ።
* የእንቅርት መድኃኒት (ሊቮታይሮክሲን) የሚወስዱ። መድኃኒቱን በውሃ ወስደው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ቡና ይጠጡ።
* ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚወስዱ። ይህ አንቲባዮቲክ ካፌይን በሰውነት ውስጥ እንዲቆይ ስለሚያደርግ የልብ ምት መፍጠንና እንቅልፍ ማጣት ሊመጣ ይችላል።

ትኩስ ቡና ቢፈስብዎት

አውሮፕላኑ ሲንገጫገጭ አስተናጋጆች ትኩስ መጠጥ ማቅረብ የሚያቆሙት ለዚህ ነው። ሕፃን አቅፈው ትኩስ ቡና አይጠጡ፤ ኩባያም በልጅ ራስ ላይ አያቀባብሉ። ቃጠሎ ከደረሰ ቡና የነካውን ልብስ ወዲያውኑ ያውልቁ፣ የተቃጠለውን ቦታ ለ20 ደቂቃ በቀዝቃዛ ንጹህ ውሃ ያቀዝቅዙ፣ የበረራ አስተናጋጅም ይጥሩ። ቀለበትና አምባር ካለ ሳያብጥ ያውጡ። ልብሱ ከቆዳ ጋር ከተጣበቀ አይላጡት። በረዶ፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና ወይም የቡና ዱቄት አይቀቡ።

ወደ ሕክምና መሄድ ያለብዎት መቼ ነው?

ከበረራው በኋላ ባሉት ሳምንታት የሚከተሉት ከታዩ «የጉዞ ድካም ነው» ብለው አይቆዩ፦

* አንድ እግር ማበጥ፣ ማመም፣ መሞቅ ወይም መቅላት
* ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ ሳል (ይህ ድንገተኛ ነው፤ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ)
* ደም ያለበት ተቅማጥ፣ ከትኩሳት ጋር የመጣ ተቅማጥ ወይም ከ3 ቀን በላይ የቆየ ተቅማጥ
* ውሃ የያዘ፣ ፊትን፣ እጅን ወይም ብልትን የነካ ቃጠሎ፤ የሕፃን ቃጠሎ ደግሞ ምንም ቢሆን

ተቅማጥ ከያዘዎት ሐኪም ጋር እስኪደርሱ ኦ.አር.ኤስ በንጹህ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ።

ለቀጣዩ በረራዎ ቡናው ትኩስ መሆኑን ያረጋግጡ፣ ውሃ ያስከትሉ፣ የሚደርሱበትን አገር ሰዓት ይቁጠሩ፣ ተነሥተው ይንቀሳቀሱ። ጣዕሙ ካላረካዎ ጥፋቱ የደረቀው አፍንጫዎና የማሽኑ ጥድፊያ ነው፤ የጀበናው ቡና ሲደርሱ ይጠብቅዎታል።

ይህ ጽሑፍ ለአጠቃላይ ግንዛቤ የቀረበ ነው፤ የሐኪምዎን ምርመራና ምክር አይተካም።