ነበልባል የሌለው ምድጃ
ስለ ኢንዳክሽን ምድጃ አጠቃቀምና አያያዝ

የቤተ ሰብ ጤንነት ከሚጠበቅባቸው ወይም ከሚጓደልባቸው ስፍራዎች ዋነኛው ማዕድ ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። ምግብ የሚነጻውም የሚበከለውም፣ ሕፃናት በፍል ነገር የሚቃጠሉትም፣ የእናቶችና የልጆች ሳንባ በጢስ የሚጎዳውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በቤት ውስጥ ለማብሰያ ከሚነድ እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና ላምባ በሚወጣ ጢስ ምክንያት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 የሚበልጡት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ነበሩ።

ስለዚህ ጢስም ነበልባልም የሌለው ምድጃ በከተማ ቤቶች ውስጥ እየተለመደ መሄዱ የሚያስደስት ነው። በአገራችን የሚሠራበት ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከወንዞች ውሃ የሚመነጭ በመሆኑ፣ በዚህ ምድጃ የሚያበስል ቤተ ሰብ የገዛ ሳንባውንም ደኑንም ይጠብቃል። ነገር ግን ዐይን ነበልባልን ካላየ ልብ መዘናጋቱ አይቀርም። በዚህ ምድጃ እሳቱ አልጠፋም፤ ከምድጃው ወጥቶ ወደ ድስቱ ገብቷል እንጂ። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ሰው ከዚህ በታች የምንዘረዝረውን ጥንቃቄ ሁሉ ምክንያቱን አውቆ ይፈጽመዋል።

ምድጃው የሚሠራበት ሁኔታ

በተለመደው የኤሌክትሪክ ምድጃ ውስጥ ያለው ሽቦ ራሱ ግሎ ይቀላል፤ ሙቀቱም ከሽቦው ወደ ድስቱ ይተላለፋል። በኢንዳክሽን ምድጃ ግን እንዲህ አይደለም። ከላይ ከሚታየው ለስላሳ መስተዋት ሥር እንደ ሰፌድ ክብ ሆኖ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። በዚህ ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ20,000 ጊዜ በላይ እየተመላለሰ አቅጣጫውን ይለውጣል፤ ስለዚህም ከመስተዋቱ በላይ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል ይፈጥራል። ይህ ኃይል የብረት ድስት ባገኘ ጊዜ በድስቱ መቀመጫ ውስጥ ሌላ ኤሌክትሪክ እንዲዞር ያደርጋል። ብረቱም ለዚህ ኤሌክትሪክ መተላለፍ እንቅፋት ስለሚሆንበት ይግላል። ድስቱ ከተነሣ መጋሉ ወዲያው ይቆማል።

የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል በአጠገቡ ባለ ብረት ውስጥ ኤሌክትሪክን ሊያስነሣ መቻሉን እንግሊዛዊው ሊቅ ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ዓ.ም. በሙከራ አረጋግጧል። ሙቀቱ በዙሪያው ወዳለው አየር ሳይባክን በድስቱ ውስጥ ስለሚፈጠር፣ ምድጃው ከሚወስደው ኃይል ከመቶ 85 እጅ ያህሉ ለማብሰል ይውላል።

ስለ ድስት አመራረጥ

ምድጃው የሚሠራው ማግኔት በሚስበው ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ ድስት ከመግዛት በፊት አንዲት ትንሽ ማግኔት ይዞ ወደ ገበያ መሄድና ከድስቱ መቀመጫ ላይ አስጠግቶ መሞከር ይገባል። ማግኔቷ አጥብቃ ከያዘች ድስቱ ይሆናል፤ ካልያዘች ግን አይሆንም። ወፍራም የብረት መጥበሻና በኢሜል የተለበጠ የብረት ድስት ይሠራሉ። አልሙኒየም፣ መዳብና ሸክላ አይሠሩም። ከማይዝግ ብረት የተሠሩት ግን አንዳንዶቹ ማግኔት ሲይዙ ሌሎቹ ስለማይዙ፣ በመልካቸው ከመፍረድ ይልቅ በማግኔት መፈተን ያሻል።

ከዚህ የተነሣ የሸክላ ድስታችን፣ ጀበናችንና የእንጀራ ምጣዳችን በዚህ ምድጃ ላይ ሊያገለግሉ አይችሉም። አንዳንድ ሰዎች ከሥር ዝርግ ብረት አንጥፈው ሸክላውን ያስቀምጡበታል። ነገር ግን ብረቱ ከመጠን በላይ ግሎ መስተዋቱንና በውስጡ ያለውን መሣሪያ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የፋብሪካው መመሪያ ካልፈቀደ በቀር ይህን ማድረግ አይመከርም።

የድስቱ መቀመጫ ዝርግ መሆን አለበት። የጎበጠ ወይም የተጣመመ ከሆነ ሙቀቱ በአንድ ስፍራ ይከማችና ምግቡን ያሳርራል፤ ድስቱም በለስላሳው መስተዋት ላይ እየተንሸራተተ ፍል ወጥ ሊያፈስ ይችላል።

ስለ ኤሌክትሪክ መሥመር

ዋትን ለቮልት ማካፈል በሽቦው ውስጥ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን በአምፔር ያስታውቃል። 2,000 ዋት የሚስብ ባለ አንድ ዐይን ምድጃ በ220 ቮልት ሲሠራ 9 አምፔር ያህል ይወስዳል። በዚያው መሥመር ላይ 3,500 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ቢጨመር ድምሩ 25 አምፔር ይሆናል። ቀጭን ሽቦ ይህን ሁሉ መሸከም ስለማይችል ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ የቤት ቃጠሎም ይነሣል። ስለዚህ ምድጃውንና ምጣዱን በአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ፈጽሞ አይገባም። ምድጃው በቀጥታ በግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰካ፤ ሶኬቱም የመሬት ሽቦ ያለው ይሁን። ስፒናው ሲነካ የሚሞቅ ወይም የማረር ሽታ የሚሰጥ ከሆነ ወዲያው አጥፍቶ ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል።

ብዙ ዐይኖችና ከሥሩ መጋገሪያ ያለው ትልቁ ዓይነት ደግሞ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም መሥመርና የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል። 7,000 ዋት የሚስብ ቢሆን 32 አምፔር ያህል ይወስዳልና፣ መሥመሩን የሚዘረጋው ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊሆን ይገባል። የመጋገሪያው ክፍል የሚሠራው እንደ ተለመደው ምድጃ በሚግል ሽቦ ስለ ሆነ በሩና ግድግዳው ይፋጃሉ። ሕፃን በተከፈተው በር ላይ ቢንጠለጠል ምድጃው ከነድስቱ ሊገለበጥ ስለሚችል፣ አብሮት በመጣው ማያያዣ ከግድግዳው ጋር መታሰር አለበት።

በማብሰል ጊዜ የሚደረግ ጥንቃቄ

1ኛ/ ፍጥነቱን ማወቅ። 2,000 ዋት የሚስብ ምድጃ አንድ ሊትር ውሃ ከሦስት እስከ አራት ደቂቃ ውስጥ ያፈላል። ሩብ ሊትር ዘይት ግን በሁለት ደቂቃ ገደማ ከ200 ዲግሪ ሊደርስና ማጨስ ሊጀምር ይችላል። በከሰል ላይ ድስቱን ጥዶ ሽንኩርት መክተፍ የለመደ ሰው በዚህ ምድጃ ላይ እንዲሁ ቢያደርግ ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ ሽንኩርቱ አስቀድሞ ይከተፍ፤ ቁሌቱም በዝቅተኛ ኃይል ይጀመር፤ ዘይት ተጥዶ ሳለ ከማዕድ ቤት መውጣት አይገባም።

2ኛ/ ዘይት በእሳት ቢያያዝ ውሃ አለመድፋት። ውሃው በቅጽበት ተን ሆኖ የሚነድደውን ዘይት ይረጨዋል። ምድጃውን አጥፍቶ ድስቱን በክዳን መግጠምና እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳያንቀሳቅሱ መተው ይገባል። ምድጃው ጋር መድረስ የሚያሰጋ ቢሆን ዋናውን ማቋረጫ ማጥፋት ነው። እሳቱ ካልታፈነ ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ ይዞ መውጣትና እርዳታ መጥራት ያስፈልጋል።

3ኛ/ መስተዋቱ ቀዝቃዛ ነው ብሎ አለመታለል። መስተዋቱ በራሱ ባይግልም ከድስቱ ሙቀትን ይቀበላል፤ ድስቱ ከተነሣም በኋላ ለብዙ ደቂቃ እጅን ሊያቃጥል ይችላል። በብዙዎቹ ምድጃዎች ላይ ኤች የምትባለው የላቲን ፊደል መስተዋቱ ገና ትኩስ መሆኑን ታመለክታለች። ይህችን ምልክት ማንበብ የማይችል ሕፃንና የቤት ሠራተኛ ትርጉሟን አስቀድመው ሊነገራቸው ይገባል።

4ኛ/ ምድጃውን በወለል ላይ አለማስቀመጥ። ብዙ ቤቶች ምግብ የሚሠራው በዝቅተኛ መቀመጫ ላይ ተቀምጦ በመሆኑ ምድጃውም ወለል ላይ ይደረጋል። ነበልባል ስለማያይ የማይፈራ፣ ገና መዳህ የጀመረ ሕፃን የድስቱን እጀታ ወይም የኤሌክትሪኩን ገመድ ቢጎትት የፈላው ሁሉ ይወርድበታል። ምድጃው በጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ እጀታው ወደ ውስጥ ይዙር፤ ገመዱም አይንጠልጠል።

5ኛ/ ሌላ ብረት በላዩ ላይ አለማኖር። ማንኪያ፣ ቢላዋ፣ የብረት ጭልፋና ክዳን በበራ ምድጃ ላይ ቢቀመጡ ሊግሉ ይችላሉ። ባዶ ድስት መጣድም መቀመጫውን ያጣምማል።

6ኛ/ ምግቡ እስከ ውስጡ መብሰሉን ማረጋገጥ። በከፍተኛ ኃይል የተጣደ ሥጋ ውጪው አሮ ውስጡ ጥሬ ሊቀር ይችላል። ጎጂ ተሕዋስያን እንዲሞቱ የምግቡ መካከል 70 ዲግሪ መድረስ አለበት።

7ኛ/ በደረታቸው ውስጥ የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የተተከለላቸው ሰዎች ከበራው ምድጃ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር መራቅ ይገባቸዋል። ምድጃውን ከመጠቀማቸው በፊት ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ስለ ጽዳቱ

ድስትን በአመድና በአሸዋ መፈግፈግ የቆየ ልማዳችን ነው። ለዚህ መስተዋት ግን አመድ፣ አሸዋና መፈግፈጊያ ሽቦ አይሆኑም፤ ይፍቁታልና። ምድጃው ከጠፋና ከቀዘቀዘ በኋላ በለስላሳ ጨርቅና በጥቂት ሳሙና ጠርጎ ማድረቅ በቂ ነው። ስኳር ወይም ሽሮፕ ቢፈስ ግን ሲደርቅ መስተዋቱን ሊቦረቡር ስለሚችል፣ ምድጃውን አጥፍቶ እጅ እንዳይነካው እየተጠነቀቁ ገና ለብ እንዳለ በመፋቂያ ማንሣት ይገባል። የድስቱ መቀመጫም ሳይጣድ በፊት ይወልወል፤ ከሥሩ የተጣበቀ አሸዋ መስተዋቱን ይጭረዋልና። ድስትን ለማዛወር አንሥቶ ማስቀመጥ እንጂ መጎተት አይገባም።

ምድጃው በውስጡ ያሉትን ሽቦዎች የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ አለው። የአየር መግቢያው በጨርቅ፣ በላስቲክ ወይም በግድግዳ እንዳይደፈን ቦታ ይተውለት። ምድጃው ከጠፋ በኋላም ማራገቢያው ለጥቂት ጊዜ ስለሚዞር፣ እስኪቆም ሳይጠብቁ ስፒናውን መንቀል አይገባም። ሙቀትና የምግብ ፍርፋሪ በረሮን ይስባሉና ሥሩና ዙሪያው በየቀኑ ይጠረግ። ምድጃውን በቧንቧ ሥር አድርጎ ማጠብ ግን ፈጽሞ ክልክል ነው።

መስተዋቱ ቢሰነጠቅ ስንጥቁ የቀጠነ ቢሆንም ምድጃው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሊሠራበት አይገባም። የፈሰሰ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ከኤሌክትሪኩ ጋር ሲገናኝ ሰውን ሊገድል ይችላል። በፕላስተር መለጠፍም መፍትሔ አይሆንም። መስተዋቱን ሳይነኩ ኃይሉን ከማቋረጫው አጥፍቶ ማስጠገን ነው።

መብራት በተቋረጠ ጊዜ

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ምድጃውን ማጥፋትና ስፒናውን መንቀል ይገባል፤ ኃይሉ ሲመለስ በድንገት ከፍ ብሎ መሣሪያውን ሊያበላሽ ይችላልና። ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው ነው፤ ይኸውም የከሰል ማንደጃ ወደ ተዘጋ ክፍል ማስገባት። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ቀለምም ሽታም የሌለው መርዛም አየር ያወጣል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጢሱ ቢጠፋም መርዙ አይጠፋም፤ የተኛውን ሰው ሳያነቃው ይገድለዋል። ለወጥም ሆነ ለቡና ከሰል ማንደድ ግድ ከሆነ ከቤት ውጪ ይሁን።

ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ

የተቃጠለውን ገላ ወዲያውኑ በሚፈስስ ቀዝቃዛና ንጹሕ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ማቆየት ከሁሉ የሚበልጥ የመጀመሪያ እርዳታ ነው። ቀለበት፣ አምባርና ያልተጣበቀ ልብስ ሳያብጥ በፊት ይውለቅ። ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላልና በረዶ አይደረግበት፤ የሚያኝከውን ቆዳ ይበልጥ ይጎዳሉ ወይም ያመረቅዙታልና። ውሃ የቋጠረውን አለማፈንዳት፣ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጎ መሸፈንና፣ ቃጠሎው ከተጎጂው መዳፍ የሰፋ እንደ ሆነ፣ ወይም በፊት፣ በእጅና በብልት ላይ ከደረሰ፣ ወይም ተጎጂው ሕፃን ከሆነ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

መምህራን ይህን ትምህርት በክፍላቸው ለማሳየት ከአንዲት ማግኔትና ከጥቂት የማዕድ ቤት ዕቃዎች በቀር ወጪ የለባቸውም። ተማሪው በቤቱ ያሉትን ድስቶች በማግኔት ፈትኖ የትኛው እንደሚግል፣ የትኛው እንደማይግል ከነምክንያቱ ለወላጆቹ ቢያስረዳ፣ ስለ ፋራዴይ የተማረው ከወረቀት አልፎ ለቤቱ ጥቅም ይሰጣል። የማይታየው እሳት የት እንዳለ ያወቀ ልጅ እጁን ወደዚያ አይሰድም፤ ታናሹንም ይከለክላል።