ቅርብ ጤና ጣቢያ፣ ሩቅ ክትትል፦ የእርግዝና ሕመሞችና የአዲስ አበባ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው እናቶች

እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ከጥናቱ በፊት በነበሩት አምስት ዓመታት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት በአገር አቀፍ ደረጃ 26 በመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ግን 97 በመቶ ገደማ ደርሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ሕያው ወሊዶች 871 ሆኖ የተመዘገበው የአገሪቱ የእናቶች ሞት በዚሁ የ2016 ጥናት ወደ 412 ወርዷል። በመዲናዪቱ ሴት ልጅ የት ትወልዳለች የሚለው ጥያቄ በአመዛኙ መልስ አግኝቷል ማለት ይቻላል። ሳይመለስ የቀረው ምጥ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ወራት የሚነሣ ሕመም በጊዜው መታወቁና ሳይቋረጥ መታከሙ ነው፤ ይህ ጥያቄ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚከብደው በዕለት ገቢ በሚተዳደሩት ሴቶች ላይ ነው።

ሴረን ታዲየስና ዴቦራ ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጡት ሥራ፣ እናቶችን ለሞት የሚዳርጉትን መዘግየቶች በሦስት ከፍለዋቸዋል፤ እነዚህም ሕክምና ለመፈለግ በመወሰን፣ ወደ ተቋም በመድረስ፣ ከደረሱም በኋላ ተገቢውን ሕክምና በማግኘት ረገድ የሚታዩ መዘግየቶች ናቸው። ከተማው ሁለተኛውን በእጅጉ አሳጥሯል፤ አንደኛውና ሦስተኛው ግን ከድህነት ጋር ተጣምረው ዛሬም አሉ።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የእርግዝና የደም ግፊት ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቱ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ፣ ወይም እንደ ኩላሊትና ጉበት ያሉ የሰውነት ክፍሎች መጎዳታቸው ሲታይ፣ ሕመሙ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል፤ ወደሚያንቀጠቅጥ ደረጃ ሲሸጋገር ደግሞ ኤክላምፕሲያ ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ምንም ስሜት ላይኖረው ስለሚችል ሊታወቅ የሚችለው በመለካት ብቻ ነው፤ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ሲመጡም ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለች ሴት ድካም ወይም ምች ነው ብላ ልታልፋቸው ትችላለች። መድኃኒቶቹ ውድ አይደሉም። ማግኒዥየም ሰልፌት በኤክላምፕሲያ የመያዝን አደጋ በግማሽ እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው፣ 10,000 ገደማ ሴቶችን ያሳተፈው የማግፓይ ጥናት አረጋግጧል፤ የተጋላጭነት ምልክት ያለባቸው ሴቶችም በአነስተኛ መጠን የሚወሰድ አስፕሪን ከ20ኛው ሳምንት በፊት እንዲጀምሩ የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል። ይሁን እንጂ አስፕሪኑ የሚጠቅመው ነፍሰ ጡሯ በጊዜ ክትትል ከጀመረች፣ ማግኒዥየሙም የሚደርስላት ግፊቷ በተደጋጋሚ ከተለካ ብቻ ነው።

ዝቅተኛ ገቢ ያላት ሴት የሚያጥራት ደግሞ ይኸው የምልልስ ጊዜ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የቅድመ ወሊድ ግንኙነቶችን ከአራት ወደ ስምንት ከፍ አድርጓል፤ ይህ ጉሊት ለምትቸረችር፣ በየሰው ቤት ልብስ ለምታጥብ ወይም በቀን ሥራ ለምትተዳደር ሴት ቢያንስ የስምንት ቀን ገቢን ሙሉ ለሙሉ ወይም በከፊል ማጣት ማለት ነው። የእርግዝና ስኳር ምርመራም የዚሁ ችግር ሌላ መልክ ነው፤ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ምግብ ሳይቀምሱ መጥቶ 75 ግራም ግሉኮስ መጠጣትንና ሁለት ሰዓት ተቀምጦ መጠበቅን ስለሚጠይቅ፣ ምርመራው ራሱ የግማሽ ቀን ሥራ ያስቀራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ለምርመራ ደመወዝ የሚከፈልበት ፈቃድ፣ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላም 90 ቀናት የማግኘት መብት አላት። ነገር ግን ይህ መብት የሚሠራው አሠሪ ላላት ሴት ነው፤ አዋጁ ለትርፍ ባልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥር ላይ ተፈጻሚ ስለማይሆን የቤት ሠራተኛዋም ከጥበቃው ውጭ ትቀራለች።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የቅድመ ወሊድ ክትትልና የማዋለድ አገልግሎት በነፃ ይሰጣል መባሉ እውነት ቢሆንም፣ የላቦራቶሪ መመርመሪያ ኬሚካል ሲያልቅ ወይም የታዘዘው መድኃኒት ሲታጣ ነፍሰ ጡሯ ወደ ግል ተቋም መላኳ አይቀርም፤ የታክሲውም ወጪ የራሷ ነው። ሂሞግሎቢኗ ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር በታች በመሆኑ ደም ማነስ አለብሽ የተባለች ሴት የአይረንና ፎሊክ አሲድ ክኒን በነፃ ብታገኝም፣ ሥጋና አትክልት ጨምሪ የሚለው ምክር ግን የገበያውን ዋጋ መቋቋም የምትችል ሴትን ታሳቢ ያደረገ ነው። ሕመሙ ሲበረታ ከጤና ጣቢያ ወደ ጋንዲ ወይም ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ሪፈር ስትባል፣ ታሪኳ በአንዲት ወረቀት ተጠቃልሎ አብሯት ይሄዳል፤ ወረቀቷ ያልተሟላች እንደሆነ ደግሞ ምርመራው እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሁሉ የቀረበው መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎችን ቤት ለቤት ያሰማራ በመሆኑ፣ የግፊት መለኪያውን ሴቲቱ ወዳለችበት ሊያደርስ ይችላል። ሆኖም ባለሙያዋ በቀን ስትመጣ ነፍሰ ጡሯ ሥራ ላይ ናት፤ የቤት ኪራይ ሲጨምር ወይም ሰፈሩ ሲፈርስ ወደ ከተማው ዳርቻ የሄደች ሴትም ከአንዱ ወረዳ መዝገብ ወጥታ በሌላው ሳትገባ ልትወልድ ትችላለች። እንግዲያው የጉብኝቱ ሰዓት ከሥራ መልስ ጋር ካልተስማማ፣ መዝገቡም ከቤቱ ይልቅ ሴቲቱን ካልተከተለ፣ የፕሮግራሙ ቅርበት በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል።

አደጋው በወሊድ አያበቃም፤ ኤክላምፕሲያ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናትም ሊከሰት ስለሚችል፣ በማግሥቱ ወደ ቤቷ የተሸኘች አራስ ግፊቷ ዳግም ሊለካ ይገባል። ስለዚህ በጤና ተቋም የወለዱትን ሴቶች መቁጠር የከተማውን ስኬት ለመመዘን ከእንግዲህ አይበቃም። ሚዛኑ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ከተገኘባቸው መካከል ስንቶቹ በቀጠሮው ተመልሰው እንደተለኩ፣ ካልተመለሱትስ ስንቶቹ ተፈልገው እንደተገኙ መሆን ይኖርበታል፤ ያልተመለሰችውን ሴት የመፈለጉ ኃላፊነትም የዕለት ጉርሷን ለማግኘት በምትሮጠው ነፍሰ ጡር ላይ ሳይሆን በጤና ሥርዓቱ ላይ መውደቅ አለበት።