ማትሪክስ ተደራራቢ የምስጠራ ሶፍትዌሮቹን ወደ አንድ ያጠቃለለበት ምክንያት

ለአንድ ተግባር ሦስት ጊዜ የተጻፈ ሶፍትዌር ጉድለት ሲገኝበት ሦስት ጊዜ መታረም እንደሚኖርበት፣ ማትሪክስ የተሰኘው የመልዕክት መለዋወጫ ፕሮጀክት ያለፈበት ሂደት ያመለክታል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ የሆነው ማትሪክስ፣ በተለያዩ ሰርቨሮች ላይ የተመዘገቡ ተጠቃሚዎች እርስ በርስ እንዲገናኙ የሚያስችል ክፍት ሥርዓት ሲሆን፣ ምንጭ ኮዱን ማንም ሰው መመርመርና ማሻሻል ይችላል። የፈረንሳይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2019 ለሠራተኞቹ ሥራ ላይ ያዋለው «ቻፕ» እና የጀርመን መከላከያ ሠራዊት የሚገለገልበት የመልዕክት አገልግሎት በዚሁ ሥርዓት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። በመሆኑም የፕሮጀክቱ ጥንካሬም ሆነ ድክመት የመንግሥትን ሥራ በቀጥታ ይነካል።

የመልዕክት መተግበሪያዎች የሚገነቡት «ላይብረሪ» በሚባል የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ላይ ሲሆን፣ ከሰርቨር ጋር የመገናኘት እንዲሁም መልዕክትን የመመስጠርና የመፍታት ተግባራት የሚከናወኑት በዚሁ ነው። ማትሪክስ ለድረ ገጽ፣ ለአይፎንና ለአንድሮይድ 3 የተለያዩ ላይብረሪዎች ነበሩት። እነዚህ ላይብረሪዎች መሠረታዊውን የምስጠራ ስሌት «ሊብኦልም» ከተባለ የጋራ ክፍል ቢወስዱም፣ የምስጠራ ቁልፎችን የመቀበል፣ የማከማቸትና ወደ ሌላ መሣሪያ የማስተላለፍ ሥራ በእያንዳንዳቸው ውስጥ በተናጠል የተጻፈ ነበር።

የዚህ አሠራር ችግር ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2022 ነው። በብሪታንያ የሮያል ሆሎዌይና የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ ሦስቱም ላይብረሪዎች ያልጠየቁትን ቁልፍ ከሌላ ወገን ይቀበሉ እንደነበር አረጋግጧል። በዚህም ሳቢያ ሰርቨሩን የተቆጣጠረ አካል፣ ሌላ ሰው የላከው የሚመስል መልዕክት ማዘጋጀት ይችል ነበር። ፕሮጀክቱም ለሦስቱ ላይብረሪዎች የተለያዩ ማስተካከያዎችን ለማውጣት ተገዷል።

ፕሮጀክቱ ከዚህ ቀደም ብሎ «ራስት» በተሰኘው የፕሮግራም ቋንቋ አዲስ የጋራ ላይብረሪ ማዘጋጀት ጀምሮ ነበር። ሊብኦልምን የሚተካው «ቮዶዜማክ» የተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2022 በገለልተኛ ድርጅት ተመርምሯል። ከዚያም የድረ ገጹ፣ የአይፎኑና የአንድሮይዱ ላይብረሪዎች የየራሳቸውን የምስጠራ ኮድ በማስወገድ በዚሁ የጋራ ክፍል እንዲጠቀሙ የተደረገ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሊብኦልም አገልግሎቱ የሚቋረጥ መሆኑ በይፋ ተገልጿል።

ይሁን እንጂ ማጠቃለሉ በራሱ ዋስትና አይደለም። በአዲሱ ላይብረሪም ላይ ከቁልፍ አቀባበል ጋር የተያያዘ ጉድለት እ.ኤ.አ. በ2022 ተገኝቶ ታርሟል። በጋራ ክፍል ላይ የሚፈጠር ስህተት ሁሉንም ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ የሚያዳርስ ሲሆን፣ በአንጻሩ እርማቱም አንድ ጊዜ ተሠርቶ ለሁሉም ይደርሳል። የተወሰነው የባለሙያ ጉልበትና የምርመራ ወጪም በአንድ ኮድ ላይ እንዲያተኩር ያስችላል።

ሽግግሩ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። በተጠቃሚው መሣሪያ ላይ ያሉት ቁልፎች ወደ አዲሱ ላይብረሪ በትክክል ካልተዛወሩና ሌላ ቅጂ ከሌላቸው፣ ቀደም ሲል የተላኩ ምስጢራዊ መልዕክቶች ሊነበቡ አይችሉም።

ስለሆነም እንዲህ ዓይነት አገልግሎት የሚመርጥ መሥሪያ ቤት ከመተግበሪያው ስምና ገጽታ ባሻገር፣ ምስጠራው በየትኛው ላይብረሪ እንደሚከናወን፣ ላይብረሪው በማን እንደሚጠበቅና በገለልተኛ ወገን መመርመሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይኖርበታል።